የብስክሌቱ ሞላ ለማን ክብደት ተሠራ?

ድሬዳዋ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ስለመሆኗ መከራከር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ግርጌው ላይ ሲያርፍ የተቆረቆረች ናትና ሜዳማ ቦታውን ከባቡሩ ወርሳለች። የከዚራ መንገዶች ሰፋፊ፣ ቀጥ ያሉና ጥላ ያላቸው ናቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ሲገቡ መንገዱ ይጠባል እንጂ እግር የሚያዝል ዳገት አይሆንም። ስለዚህ ብስክሌት ይነዳ አይነዳ በሚለው ላይ ቃል አላባክንም። የሚያሳስበኝ ገንዘባችንን የምናፈስበት የብስክሌት ዓይነት ነው። ሳይክል ሊገዛ የወጣ ወጣትም ሆነ ለልጁ የሚመርጥ አባት ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የፊት ሹካው ላይ ነው። ሞላ ካለው «ማውንቴን» ይባላል፣ ሻጩም በእሱ ይኩራራል። ሞላ የሌለው ቀጥ ያለ የብረት ሹካ ደግሞ የድሮ፣ የሽማግሌ፣ የተላላኪ ተደርጎ ይታያል። በእኔ እይታ ይህ ሚዛን ተገልብጧል። ለነጂው ክብደት ያልተለካ ባለሞላ ሹካ ከተማ ውስጥ ትርፍ ሸክም ነው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ አደጋ ነው። ልኩን የሚያወጣለት ባለሙያና መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ለአብዛኛው የድሬ ብስክሌተኛ የሚበጀው ሞላ አልባ ሹካና ሰፊ ጎማ ነው።

ይህን እንድል የሚያስደፍረኝ የሹካው አሠራር ራሱ ነው። ባለሞላ ሹካ ሁለት ሥራ አለበት፤ ገዢ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። አንደኛው የሞላው ሥራ ነው። ከተጠቀለለ ብረት ወይም ከታመቀ አየር የተሠራ ሆኖ ጎማው እብጠት ሲመታ ይታመቃል፣ እብጠቱ ሲያልፍ ይዘረጋል። ሁለተኛው ያንን መታመቅና መዘርጋት የሚገታው፣ መካኒኮች አሞርዛተር የሚሉት ክፍል ነው። ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ እያስገደደ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እርሱ ከሌለ ሞላው የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ለነጂው እጅ ይወረውራል። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠሙት ሹካዎች አብዛኞቹ ይህ ሁለተኛው ክፍል የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ለስም ያህል ነው። ሱቅ ውስጥ መሪውን ይዘው ሲጫኑት ወረድ፣ ሲለቁት ብድግ ማለቱ ያስደስታል። ችግሩ ያ ብድግ ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ጎማውን ከመሬት የሚያለያየው እርሱ ነው።

ልክ የሚባለው ነገር ከነጂው ክብደት ይጀምራል። እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሚታመቅ ሹካ ለተለመደ አነዳድ ነጂው ሲወጣበት፣ ገና መንቀሳቀስ ሳይጀምር፣ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ዝቅታው የሚፈለገው ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተከትሎ የሚዘረጋበት ትርፍ እንዲኖረው ነው። መለካቱ ከባድ አይደለም። በሚያብለጨልጨው ቧንቧ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም ክር ጠበቅ አድርጎ ማሰርና እስከ ታችኛው የላስቲክ ክዳን ድረስ ማውረድ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ብስክሌቱን ደግፎ ይዞ ነጂው በሚነዳበት አኳኋን በዝግታ ይወጣበታል፣ ሳይነቀንቀውም ይወርዳል። በክሩና በክዳኑ መካከል የቀረውን ክፍተት በማስመሪያ መለካት ብቻ ይቀራል። አየር የሚሞላ ሹካ ከሆነ ክፍተቱ ሲያንስ ማስተንፈስ፣ ሲበዛ መጨመር ነው። ቀጥሎ የሚመለስበት ፍጥነት አለ። ብዙ ጊዜ ከሹካው ግርጌ በሚገኝ ትንሽ ቁልፍ ይስተካከላል። መሪውን አጥብቆ ተጭኖ ሲለቁት የፊት ጎማው ከመሬት ከዘለለ ፈጥኗል፤ እንደ ደከመው ሰው እየተጎተተ ከተነሣ ዘግይቷል፣ ሁለተኛው እብጠት ሲመጣ ገና ከመጀመሪያው አልተመለሰም ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሳይደረግ ግን የሹካው ዋጋ በሙሉ የጌጥ ዋጋ ይሆናል።

የብረት ሞላ ያለው ርካሽ ሹካ ይህን ማስተካከያ በአብዛኛው አይቀበልም። ፋብሪካው አንድ ጥንካሬ ያለው ሞላ ከትቶበት ይወጣል፣ ያም ሞላ ለአንድ ዓይነት ክብደት ብቻ ይስማማል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 24 ሚሊ ሜትር የሚያወርደውን ሞላ፣ 40 ኪሎ የሆነ ታዳጊ የሚያወርደው 12 ሚሊ ሜትር ነው። የሹካው የውስጥ ቦኮላ ግራሶ ከደረቀበት ደግሞ ያችንም ሰበቃው ይበላታል። ለታዳጊው ሹካው አለ ማለት አይቻልም፤ ክብደቱ ብቻ አለ። በአንጻሩ ኋላው ላይ ሰው ወይም ጆንያ የጫነ ከባድ ነጂ ያንኑ ሞላ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል፣ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭም ይሰማዋል። አንዳንዱ ሹካ አናቱ ላይ የሚዞር ቁልፍ ስላለው ሻጮች «ይኸው ማጠንከሪያ» ይላሉ። ያ ቁልፍ ግን የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ መታመቅ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ይገፋዋል። ቀጭን ልጅ ቢያላላውም ከጠንካራ ሞላ ለስላሳ አያወጣም። ከዚህ ሁሉ በላይ ይህ ዓይነቱ ሹካ ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ተኩል የማያንስ ሲሆን ቀላል የብረት ሹካ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው በግንቦት ፀሐይ ከሳቢያን ከዚራ የሚመላለሰው እግር ነው።

«መንገዳችን መጥፎ ስለሆነ ሞላ ያስፈልገናል» የሚለው የተለመደ መልስ ነው፣ ሲሰሙትም ያሳምናል። ግን መጥፎ መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን ብዙዎቹ ኮብልስቶን ናቸው፤ የአንዱ ድንጋይ ስፋት አሥር ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በሴኮንድ አራት ሜትር ከምናምን ስለሚሸፍን ጎማው በየሴኮንዱ ከ40 በላይ ድንጋዮችን ይረግጣል። በዚያ ፍጥነት ወርዶ መመለስ የሚችል ርካሽ ሹካ የለም። በሰበቃው ምክንያት ትንንሹን ንዝረት ጭራሽ አይሰማውም፣ እንደ ቀጥ ያለ ብረት ሆኖ ያልፈዋል። ያንን ንዝረት የሚውጠው አየር የያዘው ጎማ ነው። ጎማ የሚነቃነቅ ክብደትም የሚሰበቅ ብረትም የለበትም፤ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል። ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 ቤልፋስት ውስጥ በአየር የሚነፋውን ጎማ ያወጣው ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበር፣ ዓላማውም የድንጋይ መንገድን ንዝረት መቀነስ ነበር። ስለዚህ እጁ የሚንዘረዘር የመጋላ ብስክሌተኛ ሹካ ከመቀየሩ በፊት የጎማውን ስፋትና ግፊት ይመርምር። ጎሚስታው እንደ መኪና ጎማ ድንጋይ እስኪሆን የነፋውን ሰፊ ጎማ በክብደቱ ልክ ማስተንፈስ ምንም ወጪ የሌለበት ማሻሻያ ነው። እርግጥ ከልክ በታች ከወረደ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ የማይቸግራቸው ሰዎች ያደረጉት ሙከራ አለ። ፓሪስ–ሩቤ የሚባለው የፈረንሳይ ውድድር በአስቸጋሪ የድንጋይ ንጣፎቹ ይታወቃል። ፈረንሳዊው ዢልቤር ዱክሎ-ላሳል እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993 ይህን ውድድር ሲያሸንፍ ብስክሌቱ ላይ ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ ባለሞላ ሹካ ተገጥሞ ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ወደ ባለሞላ ሹካ መጉረፍ ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሹካው ከባድና ጣጣው የበዛ ሆኖ ከውድድሩ እየጠፋ ሄደ፤ የኋለኞቹ ዓመታት ተወዳዳሪዎች መልስ ያገኙት በአብዛኛው ጎማቸውን በማስፋትና ግፊቱን በመቀነስ ነው። ከእኛ ኑሮ ጋር የሚቀራረብ ምስክርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የሚባለው ድርጅት ለአፍሪካ ገጠር መንገድ ብሎ ያሠራው ቡፋሎ የተባለው ብስክሌት መቶ ኪሎ ጭነት እንዲሸከም የታሰበ ነው፤ የፊት ሹካው ግን ሞላ አልባ ብረት ነው። አስፋልት ብርቅ ለሆነበት መንደር ብስክሌት የሚሠሩ መሐንዲሶች ሞላን የተዉት ስለማያውቁት አይደለም። የሚሰበር፣ የሚደርቅ፣ መለዋወጫ የሚፈልግ ነገር ከከተማ ርቆ እንደማይበጅ ስላወቁ ነው። «ማውንቴን» የሚባለው ብስክሌት ራሱ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲወለድ ሞላ አልነበረውም። ወጣቶች አሮጌ ባለሰፊ ጎማ ብስክሌቶችን ተራራ እያወጡ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። ባለሞላ ሹካ በዓለም ፊት ስሙን የተከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብስክሌተኛው ግሬግ ኸርቦልድ እ.ኤ.አ. በ1990 ዱራንጎ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር በሮክሾክስ ሹካ ሲያሸንፍ።

ይህን ስል ሞላ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ለቁልቁለት ነው የተፈጠረው፣ ቁልቁለት ደግሞ ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታ፣ የሐረርን መንገድ ይዘው ደንገጎ ሲወጡ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በተራራው ወገብ የሚሄዱት የከብትና የእግር መንገዶች ለተራራ ብስክሌት የተቀረጹ ይመስላሉ። ለእነዚያ የሚወጣ ሰው ባለሞላ ሹካ ቢይዝ አልከራከረውም፤ ብቻ የለካው ይሁን። ያልተለካ ሹካ ከምንም በላይ የሚከፋው እዚያ ነው። ከልክ በላይ የለሰለሰ ሹካ የፊት ፍሬን ሲያዝ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል። ሲሰምጥ የብስክሌቱ አፍንጫ ይወርዳል፣ የነጂው ክብደት ወደ መሪው ይደፋል፣ የመሪው አንግል ቀጥ ስለሚል ብስክሌቱ መወላወል ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ነጂው ፈርቶ ፍሬን በያዘባት ቅጽበት ነው። የደንገጎ ኩርባዎች ላይ ከፊትም ከኋላም አይሱዙ የሚመጣ በመሆኑ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ የወደቀ ሰው የመነሻ ጊዜ አያገኝም። መመለሻው የፈጠነ ሹካም እብጠት ላይ ነጂውን ያስፈነጥረዋል።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀት፣ ስለ አቧራና ስለ ጎሚስታ ዝርዝር ውስጥ ልግባ፤ ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ እንዳይታሰብ። የአየር ሹካ አየር እንደማንኛውም የታፈነ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ጠዋት በ20 ዲግሪ ሙቀት 80 ፒ.ኤስ.አይ የተሞላ ሹካ ፀሐይ ላይ ቆሞ 40 ዲግሪ ሲደርስ 86 ገደማ ይሆናል። ያ ለደጋ ከተማ ብርቅ ነገር ነው፤ ለድሬዳዋ ግን የዘወትር ልዩነት ነው፣ ለቀላል ነጂ ደግሞ ይሰማል። ስለዚህ ሹካ የሚለካው በሚነዱበት ሰዓት ሙቀት ነው። አቧራውም ሌላ ጠላት ነው። ከደቻቱ አሸዋ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ በላስቲኩ ክዳን ሥር ገብቶ ቧንቧውን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ሮክሾክስ የታችኛው ክፍል በየ50 ሰዓት ጉዞ ገደማ ተፈቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ይህን ምክር በእኛ አቧራ ማራዘም የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቧንቧውን በጨርቅ መጥረግ ግድ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። የአየር ሹካ መሙያ ቫልቭ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታው ቱቦ ልክ ይገባለታል። የሹካው የአየር ክፍል ግን ከቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ ጠባብ ቦታ ነው፤ ለመኪና ጎማ የተሠራ ኮምፕሬሰር በአንድ ንፍታ ከልኩ ያሳልፈዋል። ቱቦው ሲነቀልም የሚያመልጠው አየር ልኬቱን ያዛባል። ለዚህ የተሠራ፣ የእጅ የሆነ፣ የራሱ መለኪያ ያለው ትንሽ ፖምፓ አለ። እርሱ ሳይኖር የአየር ሹካ መግዛት ሚዛን ሳይኖር ወርቅ መግዛት ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል?» ለሚለው፣ መልሱ ከተማዋ ውስጥ አለ እላለሁ። ድሬዳዋ ከምሥረታዋ ጀምሮ የመካኒክ ከተማ ናት፤ የባቡር ኩባንያው ወርክሾፕ የሎኮሞቲቭ ክፍል የሚያስተካክል እጅ ለትውልድ አሠልጥኗል። ዛሬ ደግሞ በየሰፈሩ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ ጋራዦች አሉ። የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይት የሚቀይር፣ ኦይል ሲል የሚያወጣ ልጅ የብስክሌት ሹካ አይከብደውም፤ መርሁ አንድ ነው፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል። የጎደለው ልኬቱን እንደ ሥራ ቆጥሮ ማስከፈል ነው። ደንበኛ ሹካው ሲሰበር እንጂ ብስክሌቱ ሲገዛ ወደ ጋራዥ መሄድ አልለመደም፤ ጠጋኙም ያልተጠየቀውን አይሠራም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በሞተር ሥልጠናቸው ላይ ጥቂት ቀናት ለብስክሌት ቢሰጡ ብዙ አይቸገሩም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ስለ ብስክሌት መንገድ ብቻ እያወራ ብስክሌቱን የሚያስተካክለውን ሰው ከረሳ ግማሹን ትቷል። አስመጪዎችና ሻጮችም ድርሻ አላቸው። በጅቡቲ በኩል ለሚገባ ብስክሌት ሁሉ ሞላው ለስንት ኪሎ ነጂ እንደታሰበ የሚገልጽ ወረቀት ማንጠልጠል ወጪው ኢምንት ነው፤ ገዢው ግን ያኔ ይጠይቃል።

ይህን ጽሑፍ ለሀብታም መዝናኛ የተጻፈ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። «ድሃው ያገኘውን ይነዳል፣ አንተ ስለ ሚሊ ሜትር ታወራለህ» ይለኛል። ግን ድሃው ነው በዚህ የሚጎዳው። ሀብታሙ ሹካው ሲበላሽ ሌላ ይገዛል። በቆጠበው ብር ብስክሌት የገዛ ሰው ግን ለማይሠራ ሞላ ከፍሎ፣ ያንኑ ገንዘብ ለተሻለ ፍሬን ወይም ለጥሩ ጎማ ማዋል ሲችል አጥቷል። በእኩል ዋጋ ከሚሸጡ ሁለት ብስክሌቶች ሞላ የሌለው ሌላ ቦታ የተሻለ ዕቃ ሊኖረው እንደሚችል ማንም ነጋዴ ያውቀዋል፤ ገንዘቡ የሆነ ቦታ መዋሉ አይቀርምና። ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ብስክሌት ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። ወንድም ለወንድም ያውሰዋል፣ በሰዓት የሚከራይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሕፃን እስከ ጎልማሳ ይፈራረቅበታል። ለማን ክብደት ይለካ? ይህ እውነት ነው፣ ክርክሬን ግን ያጠነክረዋል። በየሰዓቱ ነጂ የሚቀያየርበት ብስክሌት ላይ ምንም ዓይነት ሞላ ልኩን አይጠብቅም፤ ሰፊ ጎማ ያለው ቀጥ ያለ ሹካ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ የሚደርቅ ዘይትም የለውም።

ሹካው ያረጀበት ሰው ወደ ብረት ሹካ ሲመለስ መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ለ100 ሚሊ ሜትር ሞላ የተሠራ ብስክሌት አፍንጫው ከፍ ብሎ ነው የታቀደው። ከአሮጌ ብስክሌት የተፈታ አጭር ሹካ ቢገጠምበት ከአክስሉ እስከ ሹካው አናት ያለው ርዝመት በስድስትና በሰባት ሳንቲሜትር ሊያንስ ይችላል። በየሁለት ሳንቲሜትሩ የመሪው አንግል በአንድ ዲግሪ ገደማ ቀጥ ስለሚል ብስክሌቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ተደፍቶ መሪው ይወላውላል። ስለዚህ አዲሱ ሹካ ሲገዛ አሮጌው ነጂው በተቀመጠበት ሁኔታ የነበረው ርዝመት በሜትር ተለክቶ ይወሰድ። አሮጌውን ሹካ እንዳይታመቅ ብሎ በብየዳ ማጣበቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ የታችኛው ክፍል ብዙውን ጊዜ ቀላል ብረት ነው፣ ሙቀቱ ያዳክመዋል፣ ሲሰበርም ሳያስጠነቅቅ ነው።